«ጉሮሮዬ ከዳኝ» ከማለታችሁ በፊት

ኦዲሽን ላይ ጥግ ይዞ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰውዬ እኔ ነኝ። ዳኞቹ ከፊት ያዩዋችኋል፣ እኔ ከጎን። ከጎን ደግሞ ብዙ ነገር ይታያል። ትከሻ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጉልበት ሲገተር፣ አየር ሳይሳብ ዘፈን ሲጀመር። ተፈታኙ ጨርሶ ኮሪደር ላይ ሲወጣ ግን ቃሉ ያው ነው፤ «ጉሮሮዬ ከዳኝ።» ምስኪን ጉሮሮ! ሌላው ባጠፋ እሱ ይወቀሳል። ለሙዚቃዊ ቴአትር ኦዲሽን የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን ችግሮች ከነምክንያታቸው ልንገራችሁ።

«ገና ስጀምር ትንፋሼ አለቀ»

መጀመሪያ የምጠይቀው «በየት በኩል መጣህ?» ብዬ ነው። ፈተናው ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ሆኖ ታክሲው ብሔራዊ ቴአትር ጋ ካወረዳችሁ፣ የቸርችልን ዳገት በእግር መውጣት ሊኖር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች አትርሱ። ለፈተናው ብሎ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ልቡ ሳይረጋ ስሙ ይጠራል።

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ቁጭ በሉ። የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውኃ አስቀሩና ስትሮ ከታችሁ በስትሮው ውስጥ አንጎራጉሩ። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ይበል። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው አየር ወደኋላ ትንሽ ስለሚገፋ የድምፅ አውታሮቹ በኃይል ሳይላተሙ በቀላሉ ይርገበገባሉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ የተሻለ ድምፅ ማፍታቻ አላውቅም፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰውም ጎረቤት አያስቀይምም።

ዳገቱ ካልሆነ ትከሻው ነው። እየዘፈናችሁ የምትመቱት እስክስታ ትከሻና ደረትን ያሠራል። አየር የምትስቡትም በትከሻ ከሆነ ለአንድ ትከሻ ሁለት ሥራ ሰጣችሁት። ቤት ውስጥ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ወፍራም መጽሐፍ ሆዳችሁ ላይ አስቀምጡ። ስትስቡ መጽሐፉ ይነሳ፣ ትከሻ ይተኛ። ይሄ ሲለመድ ቆማችሁ «ስስስ» እያላችሁ እስክስታውን በዝግታ ምቱ። «ስ»ው ካልተቆራረጠ ዘፈኑም አይቆራረጥም።

«ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ»

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ነገሩ ኪው፣ ማለትም ዘፈኑ የሚጀመርበት የድምፅ ከፍታ ነው። ዘፈኑን ያጠናችሁት ከስልክ ላይ ነው አይደል? ያ ኪ የተመረጠው ዘፈኑን ላስቀረጸው ዘፋኝ ጉሮሮ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ፕሌይባኩም (ያለ ዘፋኝ የተቀረጸው አጃቢ ሙዚቃ) የሚወርደው በዚያው ኪ ነው።

ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛ ፈልጉና ዘፈኑን ግማሽ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ተኩል ድምፅ እያወረዳችሁ ሞክሩት። የምትሞክሩት ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ማታ ድምፅ ተፍታቶ ስለሚያመሽ ሁሉም ኪ የሚመች ይመስላል። ጠዋት ከፍተኛውን ኖታ ሦስት ጊዜ ተከታትላችሁ በሰላም ካገኛችሁት፣ ያ ኪያችሁ ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት።

እዚህ ጋ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በፊት የተጫወተው ልጅ የኪቦርዱን ትራንስፖዝ (ድምፁን ሁሉ ባንዴ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ትቶት ሄዷል። እኔም ሳላይ ጀመርኩ። ልጅቷ ጥርት አድርጋ ጀመረች፣ አዝማቹ ላይ ስትደርስ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ተገተረ፣ ከዚያ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ይቅርታ ጠያቂው እኔ መሆን ነበረብኝ። የትራንስፖዙን ቁጥር ያየሁት ከወጣች በኋላ ነው፤ በኪቦርዱ ትንሿ ስክሪን ላይ «+2»። ስለዚህ መግቢያው ሲመታ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ አታፍሩ፣ «ይቅርታ፣ ኪውን ያዩልኛል?» በሉ። ማንም አይቆጣም።

«ሙዚቃው ትክክል ነው፣ እኔ ግን አልገጥም አልኩ»

ይሄኛው የእኛ አገር ልጅ ችግር ነው፣ ደግሞም የሚያሳፍር አይደለም። ጆሯችን ያደገው በአምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ሜጀር ትዝታን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለም፣ ሲ የለም። የሙዚቃዊ ቴአትር ዜማ ግን ብዙውን ጊዜ በሰባቱም ድምፆች ይሄዳል። ፋ ላይ ሲደርስ ጆሯችን የሚያውቀው ማረፊያ ስለሚያጣ ወደ ሚ ይንሸራተታል ወይ ሶል ላይ ይወጣል። ሲ ደግሞ ሳናውቀው ወደ ዶ ትሳባለች። ለዳኛ የሚሰማው «ድምፅ አይጠብቅም» ተብሎ ነው። ይጠብቃል እኮ! ሌላ ቅኝት ነው የሚጠብቀው።

መፍትሄውም እዚሁ ቤታችን አለ። ሜጀር ባቲን ዘምሩ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። የጎደሉት ሁለቱ ድምፆች እዚያ ተቀምጠዋል። ባቲን ሽቅብ ቁልቁል ጆሯችሁ እስኪጠግብ ዘምሩ፣ ቀጥላችሁ ትዝታን፣ ከዚያ ሁለቱን ደርባችሁ ሰባቱን። አንድ ሳምንት፣ በቀን አሥር ደቂቃ። እኔ ይሄን የማስጠናቸው ልጆች ላይ ለውጡን የማየው ፋ ላይ ነው፤ ማመንታት ያቆማሉ።

«ግጥሙ አልተሰማም አሉኝ»

ቴአትር ላይ ታሪኩ ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው። ካልተሰማ ታሪክ የለም። አማርኛ ሲዘፈን ደግሞ የራሱ ወጥመዶች አሉት።

አንደኛው ጠብቆና ላልቶ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ዜማው ረዘም ሲል ዘፋኙ አናባቢውን ይጎትትና የሚጠብቀውን ፊደል ያላላዋል። «ልጁ አለ» ብሎ ሊያጽናናን የመጣው ገጸ ባሕርይ «ልጁ እንዲህ አለ» ሊል የመጣ ይመስላል። ግጥሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሚጠብቁትን ፊደሎች አስምሩባቸው፣ እነሱ ላይ ለቅጽበት ተቀመጡ።

ሁለተኛው ሳድስ ነው። «ፍቅር» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ፤ ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው። ያን ያህል የሚዘፈንለት ቃል በእኛ ቋንቋ አፍ የሚያስከፍት አናባቢ የለውም! ረጅሙ ኖታ እሱ ላይ ከወደቀ ድምፁ ጥርስ ጀርባ ይታፈናል። ከንፈር ሳይሆን ውስጥ አፋችሁን፣ ልታዛጉ እንደጀመራችሁ አድርጋችሁ ክፈቱ። ዘፈን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ደግሞ ረጅሙ ኖታ «ፍቅሬ» ወይም «ፍቅራችን» ላይ የሚያርፍበትን ምረጡ።

ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ሲነገሩ ጉሮሮ ለቅጽበት ጥርቅም ይላል። ዜማው እዚያው እንዳይቀር ከነሱ በፊት ያለውን አናባቢ እስከ መጨረሻው ያዙትና ፊደሉን ፈጠን አድርጋችሁ እለፉት።

«ጥሩ ዘፈንኩ፣ ግን አልተጠራሁም»

ይሄ ነው ሰው የሚያለቅስበት። ድምፅ ነበረ፣ ኪው ልክ ነበረ፣ ግን መድረኩ ላይ የቆመው ዘፋኝ እንጂ ገጸ ባሕርይ አልነበረም። አዝማሪ ቤት ዘፋኙ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ይዘፍናል፣ «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ትሰጡታላችሁ፣ ነገሩ በእሱና በእናንተ መካከል ነው። ቴአትር ላይ የምትዘፍኑለት ሰው እዚያው ታሪኩ ውስጥ ነው ያለው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ዘፈንና ተውኔት እዚህ ከተማ አንድ መድረክ ሲጋሩ ኖረዋል፤ ዳኛው ሁለቱንም ይጠብቃል።

ዜማውን ለሁለት ቀን እርሱትና ግጥሙን እንደ ንግግር በሉት። ለማን? ቁርጥ ያለ ሰው ምረጡ። ዘፈኑ ልመና ከሆነ ሁለት ወር ኪራይ ያሳለፋችሁበት አከራይ ፊት ቆማችሁ ብትሉት እንዴት ትሉት ነበር? ድምፃችሁ የት ጋ ዝቅ ይል ነበር? የት ጋ ትቆሙ ነበር? ዜማው ሲመለስ ይሄ ሁሉ አብሮ ይመለሳል። አከራዩን ከዳኞቹ ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ላይ አስቀምጡት። ዳኞቹን አትለማመጡ፣ ማስታወሻ ይጻፉበት።

እጅን በተመለከተ፣ ማይክ የለመደ እጅ ማይክ ሲያጣ ሱሪ ይጎትታል። ቤት ውስጥ ሁለት የውኃ ጠርሙስ ይዛችሁ ተለማመዱ፣ ከዚያ አስቀምጧቸው።

«ጠዋት ስነሳ ድምፄ ጎርናና ሆነ»

ማታ 4 ሰዓት ላይ ክትፎ ከነሚጥሚጣው በልታችሁ ተኝታችኋል? የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ወጥቶ አውታሮቹን ሊያስቆጣ ይችላል። ከመተኛት ሦስት ሰዓት በፊት እራት ይብቃ። ዝንጅብል ሻይ በማር ጥሩ ነው፣ ያሳርፋል፣ ግን አውታሩ ላይ አይፈስም፤ የሚዋጥ ነገር በሌላ ቧንቧ ነው የሚወርደው። እዚያ የሚደርሰው እንፋሎት ነው። ውኃም የሚጠጣው ከዋዜማው ጀምሮ እንጂ በር ላይ አይደለም። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ማታውን በደንብ ጠጡና ተራችሁን ጠዋት ላይ አስይዙ። በሹክሹክታ ማውራትም እረፍት አይደለም፤ ዝም በሉ። መጎርነኑ ከ3 ሳምንት ካለፈ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂዱ።

«መሃል ላይ አስቆሙኝ»

ምንም ማለት አይደለም። በኒውዮርክ ብሮድዌይ እንኳን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 16 ወይም 32 ባር (ሙዚቃ የሚከፋፈልባቸው አጫጭር ምት ክፍሎች) ነው፣ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰዓት ስላጠረ ያስቆማሉ፣ የፈለጉትን ስለሰሙም ያስቆማሉ። ረጅም መግቢያ ያለውን ዘፈን ቁረጡትና ከጥሩው ቦታ ጀምሩ።

ኖታ ካላችሁ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን በፕላስተር አያይዛችሁ አምጡልኝ፤ እያጫወትኩ ገጽ መግለጥ አልወድም። ቴምፖውን፣ የዘፈኑን ፍጥነት፣ ጣት እያጮሃችሁ አታሳዩኝ። ጠጋ በሉና የመጀመሪያውን ስንኝ ቀስ ብላችሁ አንጎራጉሩልኝ፣ ገብቶኛል። ትራንስፖዙ ዜሮ ላይ መሆኑን እኔ አያለሁ።