ኢንዲዛይን ላይ ያልፈጠርነው ቀለም ሲከማች፦ ችግርና መፍትሔ

የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ኢንዲዛይን ላይ ኤፍ5 ስትጫኑ ጥቂት ቀለም ብቻ የነበረው የስዋችስ (የቀለም ዝርዝር) ፓነል ሠላሳ አርባ ቀለም ተሸክሞ ይገኛል። ከፓነሉ ሜኑ ሴሌክት ኦል አንዩዝድ (ያልተሠራባቸውን ሁሉ ምረጥ) ብላችሁ ትርፉን እንዳጠፋችሁ እንቁጠር። ከዚያ በኋላም አልጠፋ ያለውን በስሙ ለዩት።

ስሙ "ዎርድ_አር" ብሎ የሚጀምር ከሆነ

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ባሕር ዳር ላይ በምርቃት ሰሞን የመጽሔት ጽሑፍ ከብዙ ተማሪ እጅ ተሰብስቦ በፍላሽ ይመጣል፤ አንዱ በሰማያዊ፣ ሌላው በወይን ጠጅ ጽፎታል፣ ሌላው ከኢንተርኔት ከነቀለሙ ገልብጦታል። ኢንዲዛይን ሲያስገባው እያንዳንዱን ቀለም በቁጥሩ ሰይሞ ይመዘግበዋል።

ሰማያዊው በዐይን ስለሚታይ አያታልልም። ጉዳት የሚያደርሰው አር38 ጂ38 ቢ38 የሚለው ነው። ይህ ዎርድ ጥቁሩን 15 በመቶ ሲያፈካው የሚሰጠው ግራጫ ነው፤ ስክሪን ላይ ጥቁር ይመስላል፣ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ስለሆነ ግን ለኅትመት ሲለወጥ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ፕሌት (እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚታተምበት ሰሌዳ) ላይ ይበተናል። በ9 ነጥብ (ፖይንት) መጠን በተጻፈ ፊደል ላይ ፕሌቶቹ የፀጉር ያህል ከተዛነፉ የ"ሌ" እና የ"ሜ" ቀለበት ይደፈናል፣ ዳር ዳሩም ቀላ ያለ ጥላ ያወጣል። ያኔ ሁሉም ማሽኑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ነው።

ለማረጋገጥ በሺፍትና ኤፍ6 ሰፐሬሽንስ ፕሪቪውን (ፕሌቶቹን ለየብቻ የሚያሳየውን ፓነል) ክፈቱ፤ ቪው የሚለውን ሰፐሬሽንስ ላይ አድርጉና ከጥቁሩ ጎን ያለውን የዐይን ምልክት አጥፉ። ንጹሕ ጥቁር ጽሑፍ ሁሉ ከገጹ ይጠፋል። የቀረ መስመር ካለ እሱ ነው ተጠርጣሪው።

መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ። ቀጥሎ ከዎርድ አብረው የገቡትን፣ የማትሠሩባቸውን ፓራግራፍ ስታይሎች (የአንቀጽ ቅርጽ ቅንብሮች) አጥፉ፤ ቀለሙ ስታይል ውስጥ ተደብቆ ከቆየ "ጥቅም ላይ አልዋለም" ተብሎ አይመረጥም። ከዚያ የዎርድ ቀለሞቹን መርጣችሁ ዲሊት በሉ። በምን ልተካው ብሎ ሲጠይቅ ዲፋይንድ ስዋች የሚለውን ይዛችሁ ብላክን ስጡት። አንኔምድ ስዋች የሚለውን በፍጹም እንዳትነኩ! ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ ቀለሙ ጽሑፉ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ፍለጋውም ይከብዳል። ይህን ስሕተት የሠራ ሰው ፋይል ከደረሳችሁ ከፓነሉ ሜኑ አድ አንኔምድ ከለርስ በሉ፤ የተደበቀው ሁሉ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። ቀለማቸው የሚፈለግ ርእሶች ካሉ ሁሉንም በብላክ ከመተካታችሁ በፊት የራሳቸውን ስታይል ስጧቸው።

ለሚቀጥለው፦ ጽሑፍ ለማስገባት ኮንትሮልና ዲ ስትሉ ሾው ኢምፖርት ኦፕሽንስን ምልክት አድርጉ፣ ስታይልና ፎርማቲንግ የሚያስወግደውን ምረጡ። ደማቁና ሰያፉ አብሮ ይሄዳል፤ እሱን በካራክተር ስታይል መመለስ ይቀላል።

ስፖት ከለር ሆኖ ዲሊት የማይል

ስፖት ከለር በራሱ ፕሌት ለብቻው የሚታተም ቀለም ነው። ምንጩ የገባ ሎጎ ነው፤ ኢፒኤስ፣ ፒዲኤፍ ወይም የኢሉስትሬተር ፋይል። የጣናው ገዳም የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ፎቶ በጄፔግ ሃምሳ ቢገባ ስዋችስ ላይ አንድ መስመር አይጨምርም፤ የጀልባ ማኅበሩ አንድ ሎጎ ግን ይጨምራል። ሎጎው እስካለ ድረስ ቀለሙ አይነቀልም። በኢሉስትሬተር ክፈቱት፣ ስዋቹን ሁለቴ ነክታችሁ ከለር ታይፕን ፕሮሰስ (ከአራቱ የኅትመት ቀለሞች የሚቀላቀል)፣ ከለር ሞድን ሲኤምዋይኬ አድርጉ፣ አስቀምጡ፣ ኢንዲዛይን ላይ ሊንኩን አፕዴት በሉ። ከገጹ ውጪ የተወረወረ ወይም ማስተር ፔጅ (በአዲሶቹ ኢንዲዛይኖች ፔረንት ፔጅ) ላይ የተረሳ ቅጂም ቀለሙን ይይዛል።

በፓንቶን የቀለም መለያ ፓንቶን 485 ሲ እና ፓንቶን 485 ሲቪሲ ጎን ለጎን ከታዩ አንድ ቀይ በሁለት ስም ገብቷል፤ ዝም ካላችሁት ሁለት ፕሌት ይወጣል። ኢንክ ማኔጀር ላይ አንዱን የሌላው ኢንክ ኤሊያስ (ተለዋጭ ስም) አድርጉት። ሥራው በአራት ቀለም ብቻ ከሆነ ኦል ስፖትስ ቱ ፕሮሰስ ይበቃል። ስሙ ከፓነሉ አይጠፋም፣ ትርፍ ፕሌት ግን አይወጣም።

ሎጎው ተነሥቶም ቀለሙ ከቀረ በአይዲኤምኤል (ሌላ የኢንዲዛይን ፋይል ዓይነት) አስቀምጡና መልሳችሁ ክፈቱ። የመስመር አሰባበሩን ገጽ በገጽ ፈትሹ።

በየአዲሱ ፋይል የሚመጣ

ምንም ፋይል ሳይከፈት የተጨመረ ነው። ሁሉንም ዝጉ፣ ኤፍ5፣ አጥፉ።

በማዕዘን ቅንፍ ያሉት ነን፣ ፔፐር፣ ብላክና ሬጅስትሬሽን አይጠፉም፤ አትታገሏቸው። ሬጅስትሬሽንን ግን ለጽሑፍ አትጠቀሙበት፤ በሁሉም ፕሌት ላይ መቶ በመቶ ይወጣል፣ ቦታው የመቁረጫ ምልክት ላይ ብቻ ነው።