ሴዞን ባዘዝኩ ቁጥር ሎሚ ይመጣልኛል፤ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ባለፈው ሰመር ከጓደኛዬ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ትንሽ ቢራ ጠማቂ ቤት ጎራ አልን። ሰሌዳው ላይ «ሴዞን» የሚል ሳይ ደስ አለኝ። የጠበቅኩት ደረቅ ያለ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል፣ የገለባና የእህል ሽታ ያለው ቢራ ነበር። የመጣልኝ ግን ጥርስ የሚያጠርስ ነገር ነው። ጓደኛዬ አንዴ ፉት አለና «ይሄማ የሰነበተ ጠላ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው።

አስተናጋጇን ጠየቅኳት። «የገበሬ ቤት ቢራ ስለሆነ ነው፣ እንዲህ ነው» አለችኝ። ትሁት ልጅ ናት፣ መልሷ ግን ልክ አልነበረም። የገጠር ጠረን ሌላ፣ ኮምጣጣነት ሌላ። የገጠሩ ጠረን የሚመጣው ከእርሾውና ከእህሉ ነው። ኮምጣጣነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ባክቴሪያ ነው። ሁለቱ አንድ በርሜል ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ግን አንዱ ያለ ሌላው ይኖራል። እኔ የመጀመሪያውን እወዳለሁ፣ ሁለተኛውን እምብዛም። እንደኔ ላላችሁ ነው የምጽፈው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሴዞን በፈረንሳይኛ «ወቅት» ማለት ነው። አገሩ ዋሎኒያ ነው፣ ፈረንሳይኛ የሚነገርበት የቤልጂየም ክፍል፤ በተለይም ኤኖ የሚባለው አውራጃ። ገበሬው በብርዱ ወራት ጠምቆ ያስቀምጠዋል፣ በሙቀቱ ወራት እርሻው ላይ ለሚሠሩት ያጠጣዋል ይባላል። የደቦ ጠላ በሉት።

ምልክት፦ «ሴዞን» ይላል፣ ግን ፊት ያስጨማድዳል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ላክቶባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የእንጀራችንን ሊጥ የሚያኮመጥጡትም የዚሁ ወገን ናቸው። ስኳሩን ይበላል፣ ላክቲክ አሲድ ይተዋል። አንዳንዴ ፔዲዮኮከስ የሚባል ዘመዱም አብሮት ይገባል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ጠማቂው አውቆ፣ ፈልጎ ያደረገው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2010ዎቹ ኮምጣጣ ቢራ ሲወደድ ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ሴዞንን ከእሱ ጋር አጋቡት። ስሙን ግን አልቀየሩትም።

እዚህ ላይ ለእነሱም ልሟገትላቸው። ድሮ ለወራት በእንጨት በርሜል የተቀመጠ ሴዞን ሳይኮመጥጥ አይቀርም ነበር። ስለዚህ «እኛ የጥንቱን ነው የምንሠራው» ቢሉ ውሸት አይደለም። የእንጨት ነገር እንዲህ ነው። እናቶቻችን ጋኑን አጥበው፣ በወይራ አጥነው ነው የሚጠነስሱት። የኦክ በርሜል ግን ቢታጠብም አይጠራም። ባክቴሪያውና የዱር እርሾው እንጨቱ ውስጥ ቤት ሠርተው የሚቀጥለውን ቢራ ይጠብቃሉ።

መፍትሄው ማንበብ ነው። የፊቱን ሥዕል ተዉት፤ ጎተራና መንሽ ሁሉም ይስላል። ጣሳውን አዙሩና ጀርባውን እዩ። «ሚክስድ ከልቸር» (እርሾና ባክቴሪያ የተቀላቀለበት)፣ «ዋይልድ»፣ «ታርት»፣ «ፉደር»፣ «ባረል ኤጅድ» ከሚሉት አንዱን ካገኛችሁ ኮምጣጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፉደር ማለት ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የእንጨት ጋን ነው። ቼሪ ወይም ኮክ ተጨምሮበታል ካለማ መልሱት። በተቃራኒው «ድራይ»፣ «ፔፐሪ»፣ «ስፓይሲ» የሚሉት መልካም ምልክቶች ናቸው። «ፋርምሃውስ ኤል» (የገበሬ ቤት ቢራ) የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ በሁለቱም ዓይነት ላይ ይለጠፋል። «ቦትል ኮንዲሽንድ» ደግሞ አያስደንግጣችሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ እርሾ አለ ማለት ነው እንጂ ኮምጣጣ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ፍንጭ ምሬቱ ነው። ሆፕስ በቢራ ውስጥ የጌሾን ቦታ የያዘ ተክል ነው። ላክቶባሲለስ የሆፕስን ምሬት አይችልም። የምሬት መለኪያው አይቢዩ ይባላል። 25 ወይም 30 የሚል ካያችሁ ቢራው ብዙም አልኮመጠጠም ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። 5 ወይም 8 ከሆነ ጠማቂው ለባክቴሪያው መንገድ ጠርጎለታል ማለት ነው። ዋስትና ግን አይደለም፤ ምሬት የሚችሉ ባክቴሪያዎችም አሉ።

ጠማቂ ቤቱ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ «ገጠርኛ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም አዎ ይላል። «ባክቴሪያ ገብቶበታል ወይስ እርሾ ብቻ ነው?» በሉ። ለቀማሽ የሚሰጡት ትንሽ ብርጭቆ አለ፣ እሱንም ጠይቁ። አያሳፍርም።

ምልክት፦ «ብሬት» የሚል አየሁ፣ ልሽሽ?

አትቸኩሉ። ብሬት ሲያቆላምጡት ነው፣ ሙሉ ስሙ ብሬታኖማይሲስ። እርሾ ነው፣ ባክቴሪያ አይደለም። ብቻውን ሲሆን ቢራውን እምብዛም አያኮመጥጥም። የሚሰጠው የቆዳ፣ የጋጣ፣ አንዳንዴም የአናናስ ጠረን ነው። ኦርቫል የተባለውን የቤልጂየም መነኮሳት ቢራ የቀመሰ ያውቀዋል። ሴዞን አይደለም፣ ግን ብሬት አለበት፤ ደረቅና መራራ ነው እንጂ ኮምጣጣ አይደለም።

ብሬት የሚያስቸግረው አየር ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ማለትም የአቼቶ ኮምጣጣነት። ስለዚህ መፍትሄው ቀላል ነው፦ ብሬት በብረት ጋን ከሆነ ሞክሩት። ብሬት በእንጨት በርሜል ከሆነ መጀመሪያ ቅመሱት።

ምልክት፦ አልኮመጠጠም፣ ግን ምላስ ይቆነጥጣል

ይሄን ብዙ ሰው ከኮምጣጣነት ጋር ያምታታዋል። እኔም አምታትቻለሁ። ሴዞን ጋዙ ብዙ ነው፣ ስኳሩም ተሟጦ ያለቀ ነው። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናልና ይቆነጥጣል። ስኳር ስለሌለም የሚያለሰልሰው የለም። በዚያ ላይ ከፍሪጅ በረዶ ሆኖ ከወጣ የእህሉና የእርሾው ጠረን ይተኛል፣ የሚቀረው ቁንጠጣው ብቻ ነው።

ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጥታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁት። አፉ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ያዙና ከፍ አድርጋችሁ ቅዱት። አረፋው ይነሳል፣ ይነሳ። ጋዙ የሚወጣበት መንገድ ነው። ያኔም ከኮመጠጣችሁ፣ በእርግጥም ኮምጣጣ ነው።

ምልክት፦ አልኮመጠጠም፣ ግን ገጠርም ገጠርም አይልም

ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ ሙዝ ሙዝ የሚል ቢራ ይደርሳችኋል። እዚህ ጥፋቱ የእርሾ ነው። ጠማቂው እንደ ሌላው ቢራ ቀዝቀዝ አድርጎ አፍልቶት ይሆናል፣ ወይም የሴዞን እርሾ አልተጠቀመም። እውነተኛው የሴዞን እርሾ ሙቀት ይወዳል። ዱፖን ከሚባለው የቤልጂየም ጠመቃ የመጣ ነው የሚባለው እርሾ እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ ይሠራል፤ ሌላውን እርሾ እንዲህ ብታሞቁት መጥፎ ሽታ ያመጣል። ያም ሆኖ ይሄ እርሾ አመለኛ ነው። መሃል ላይ ደክሞ ይቆማል። ያልታገሰ ጠማቂ ጣፋጭ እንደሆነ ያሽገዋል።

ስለዚህ አልኮሉን እዩ። 8 እና 9 በመቶ ከሚለው ይልቅ ከ5 እስከ 6.5 ያለው ይሻላል። ሕግ አይደለም፣ የኔ ልምድ ነው። እህሉንም እዩ፦ ስንዴ፣ አጃ፣ ስፔልት የሚባለው የጥንት ስንዴ ካለበት የእህል ጣዕሙ ጎላ ይላል።

ምልክት፦ ሱቅ ገባሁ፣ መደርደሪያው ግራ አጋባኝ

መለኪያ ይኑራችሁ። የኔ መለኪያ ሴዞን ዱፖን ነው፣ 6.5 በመቶ። የሚጠመቀው ቱርፕ በምትባል የኤኖ መንደር ነው። ታሪኩን ስሰማ ሳቄ መጣ። ሉዊ ዱፖን የሚባል ወጣት ወደ ካናዳ ሄዶ ገበሬ ሊሆን ተነሳ። አባቱ እንዳይሄድበት ብሎ በ1920 ከነጠመቃው እርሻውን ገዛለት። ልጁ ቀረ፣ ቢራውም እስከ ዛሬ አለ። ስንት አባት እንዲህ ማድረግ በቻለ!

ዱፖንን ቀምሳችሁ ከወደዳችሁት የምትፈልጉት ይሄ ነው ማለት ነው። ሌላውን ከእሱ ጋር አወዳድሩ። እዚያው ኤኖ ውስጥ ብላውዢ የሚባል ትንሽ የቤተሰብ ጠመቃ አለ። ሴዞን ዴፖትር የሚሉት በስፔልት የሚጠመቅ ነው፣ 6 በመቶ፤ እህል እህል የሚል ነገር ከፈለጋችሁ ከዱፖንም ይበልጣል ባይ ነኝ። ድንበሩን ተሻግሮ ሰሜን ፈረንሳይ ያለው ቲርዬም ጥሩ ነው።

ከአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ኩፐርስታውን ያለው ኦሜጋንግ የሚጠምቀው ሄነፒን አለ፣ ንጹሕ ነው፣ 7.7 በመቶ። የካንሳስ ሲቲው ቡልቫርድ ታንክ ሰቨን የሚባል አለው፣ 8.5 በመቶ ነው። እሱ ወደ ግሬፕፍሩት ሽታ ያደላል፣ ግን ሽታው እንጂ ቢራው አይኮመጥጥም። አፍንጫችሁ እንዳያታልላችሁ።

በሌላ በኩል ቴክሳስ ያለው ጄስተር ኪንግ፣ ሚሺጋን ያለው ጆሊ ፓምፕኪን፣ ቨርሞንት ያለው ሂል ፋርምስቴድ ስማቸው የገነነ ጠማቂዎች ናቸው። ሙያቸውን አልክድም። ግን የእነሱ ሴዞን ብዙው ሚክስድ ከልቸር ነው፤ ኮምጣጣ የማይወድ ሰው ወረፋ ተሰልፎ ገዝቶ እንዳያዝን። የቤልጂየሙ ፋንቶም ደግሞ እንደ ዕድላችሁ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ።

ምልክት፦ አምና የወደድኩት ቢራ ዘንድሮ ሌላ ሆነ

ሕያው ነገር ስላለበት ነው። ብሬት ወይም ባክቴሪያ ያለበት ጠርሙስ ቁምሳጥን ውስጥም ሥራውን አያቆምም። የሆፕሱ ምሬት ደግሞ ከጊዜ ጋር ይደክማል። የታሸገበትን ቀን እዩና ትኩሱን ግዙ። «ይቆይ፣ ይበስላል» የሚለውን ምክር ለወይን ተዉት።

ሽታው የተለወጠ፣ ስከንክ የሚባለውን የሚገማ እንስሳ ዓይነት መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ጉዳዩ ብርሃን ነው። አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃን በደንብ አይከላከልም፣ ብርሃኑም ሆፕሱን ያበላሸዋል። ዱፖን ራሱ በአረንጓዴ ጠርሙስ ይሸጣል። ከመስኮት ሥር ከተደረደረው ሳይሆን ከካርቶኑ አውጡልኝ በሉ። ቡናማ ጠርሙስ ካለ እሱን አንሱ።

ምልክት፦ በጠርሙስ ደህና የነበረው በድራፍት ኮመጠጠ

ቢራው ሳይሆን ቱቦው ነው። በወጉ ያልታጠበ የድራፍት መስመር ባክቴሪያ ያፈራል፣ የቀዳበትን ሁሉ ያኮመጥጣል። ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታም ካለበት አትጠራጠሩ። ከዚያው ቤት ሌላ ተራ ቢራ አስቀድታችሁ ቅመሱ። እሱም ከኮመጠጠ ሁለቱንም መልሱና የታሸገ ጣሳ እዘዙ።