የቆሮሶዎቹ ስንጥብ ለምን ቡናማ ሆነ? ችግሩና የተፈታበት መንገድ

በጓሮዬ ዓሣና አትክልት በአንድ ውኃ በማለማበት ገንዳ ውስጥ ያሉት ቆሮሶዎች ምግብ ትተው ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ አየር መማግ ጀመሩ። የአየር መንፊያው በደንብ ይሠራ ስለነበር አንዱን ይዤ ስንጥቡን ስገልጥ፣ ደማቅ ቀይ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም ናይትራይት (ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጭ መርዛማ ውህድ) ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ሲያደርገው የሚታይ ምልክት ነው። በመመርመሪያው ስለካም ናይትራይቱ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ነበር።

ምንጩ የገንዳው ውኃ እየተጣራ የሚመለስበት፣ በጠጠር የተሞላው የአትክልቱ መደብ ሆኖ ተገኘ። የናናው ሥር የመውረጃ ቱቦውን ስለዘጋው ውኃው ጠጠሩ ውስጥ ተኝቶ፣ ከታች ጥቁርና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ዝቃጭ ተጠራቅሟል፤ በጠጠሩ ላይ የሚኖሩትና ናይትራይትን ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም።

ሥሩን ቆርጬ ቱቦውን ከፈትኩ፤ ጠጠሩን ግን ክሎሪኑ የተረፉትን ባክቴሪያዎች እንዳይገድል በቧንቧ ውኃ አላጠብኩትም። ምግብ አቁሜ፣ በክፍት በርሜል በቆየ ውኃ የገንዳውን ሲሶ ቀየርኩ። በእኔ እምነት ፈጥኖ የረዳው በሊትር 1 ግራም ጨው መጨመሩ ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋልና (እንጆሪ የተከለ ሰው ግን ጨው ስለማይችል ይጠንቀቅ)። ናይትራይቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መመገቡን በጥቂት በጥቂቱ ቀጠልኩ።