መዥገር ሲነክስ፦ አነቃቀሉና የላይም በሽታ ምልክቶች

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ጫካና ረጅም ሣር ውስጥ ከዋሉ፣ ማታ ብብትን፣ ብሽሽትን፣ የጆሮ ጀርባንና ፀጉር ውስጥን ይፈትሹ። ላይም የተባለውን በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር ሳታድግ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች፤ በዓይን ብቻ አይመኑ፣ ይዳብሱ። ሲያገኟት ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዘው፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት መለብለብ ይቅር፤ ስትጨነቅ ፈሳሿን ወደ ሰውነት ልትተፋ ትችላለች። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ ቀኑን ይመዝግቡ።

ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚተላለፈው ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ከቆየች ነው። ከ3 እስከ 30 ቀን ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሽፍታው የግድ ክብ ዒላማ አይመስልም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ የበለዘ ሊመስል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ምርመራው ነጻ ቢል አይዘናጉ፤ ምርመራው የሚፈልገው፣ ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ገና በበቂ አልተመረተም።