ወደ ቬሌታ በሳይክል ስትወጡ ጃኬት ያዙ

በሐምሌ ስፔን ውስጥ ካለችው ከግራናዳ ከተማ ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራራ በሳይክል ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተማው ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጃኬት መያዝ ትርፍ ሸክም ይመስላል። ግን ያዙ!

ግራናዳ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ናት። የምትወጡበት የሴራ ኔቫዳው የቬሌታ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሽቅብ ስትወጡ ሰውነት ስለሚሠራ ብርዱ አይታወቃችሁም። ጉዱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ፔዳል አትመቱም፣ ማልያችሁ በላብ ርሷል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን መያዝ ያቅታል፤ በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ስስ የንፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ጣት የሚሸፍን ጓንትና አንድ ደረቅ ካናቴራ ያዙ። ተጣጥፈው የማልያው የኋላ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ላይ እንደደረሳችሁ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት እርጥቡን ቀይሩ፤ የጃኬቱንም ዚፕ እስከ አንገት ዝጉ። ጃኬት ከሌለ ጋዜጣ አጥፎ ደረት ላይ ከማልያው ስር መክተት የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ በደንብ ይሠራል።

ኦያ ደ ላ ሞራ ከሚባለው ቦታ፣ ማለትም ከ2,500 ሜትር ገደማ በላይ፣ መንገዱ ለግል መኪና ዝግ ነው። ጸጥታው ደስ ይላል። ግን ቢበርዳችሁ አስቁማችሁ የምትሳፈሩበት መኪና እንደልብ አታገኙም። ውሃችሁንም እዚያው ሳታልፉ ሙሉ።