የጁሪ መጥሪያ በፖስታ ሲመጣ፦ ማን ማገልገል እንደሚችልና ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ

አሜሪካ የሚኖር ሰው የፖስታ ሳጥኑን ከፍቶ የፍርድ ቤት ስም ያለበት ፖስታ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ተከሰስኩ እንዴ?» የሚል ነው። ወረቀቱ ላይ «ጁሪ» ወይም «ጁረር» የሚል ቃል ካለ ማንም አልከሰስዎትም። በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ ፍርድ እንዲሰጡ ስምዎ በዕጣ ወጥቶ ነው። እኛ አገር የሚፈርደው የተሾመ ዳኛ ስለሆነ ነገሩ እንግዳ ቢሆን አይገርምም። በአሜሪካ ግን ጁሪ በሚቀመጥበት የወንጀልም ሆነ የፍትሐ ብሔር ክርክር ዳኛው ሕጉን ያስረዳል፣ ችሎቱን ይመራል፤ «አድርጎታል ወይስ አላደረገም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች ናቸው፤ ቡድናቸው ጁሪ፣ እያንዳንዳቸው ጁረር ይባላሉ። በፌዴራል የወንጀል ችሎት 12 ሰዎች ተቀምጠው፣ ጥፋተኛ ለማለት 12ቱም መስማማት አለባቸው።

ወረቀቱን መጣል አይቻልም። ዜጋ ባይሆኑም፣ ቢታመሙም፣ እንግሊዝኛ ባይችሉም መልስ መላክ ግዴታ ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ብቁ ካለመሆን ሳይሆን ዝም ከማለት ነው።

1. ወረቀቱ ከየት እንደመጣና ምን እንደሆነ ይለዩ

ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንዱ ብቁ መሆንዎን የሚጠይቅ ቅጽ ነው። ሌላው ቀን ቆርጦ «ቅረቡ» የሚል መጥሪያ ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ሁለቱን በአንድ ፖስታ ይልካሉ። የፌዴራሉ ቅጽ በደረስዎ በ10 ቀን ውስጥ ተሞልቶ መመለስ አለበት።

ቀጥሎ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይሁን የስቴት ወይም የካውንቲ ይመልከቱ፤ መመዘኛቸው ይለያያል። «ግራንድ ጁሪ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በፌዴራል ከ16 እስከ 23 ሰዎች በዝግ ተቀምጠው ክስ ለመመሥረት የሚበቃ ማስረጃ መኖር አለመኖሩን ያያሉ። አገልግሎቱ እስከ 18 ወር ሊዘልቅ ስለሚችል ቀጠሮዎን አስቀድመው ማስተካከል ያስፈልጋል።

2. ብቁ መሆንዎን ያረጋግጡ

በፌዴራል ደረጃ መመዘኛውን ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጁሪ አመራረጥ ሕግ ነው። የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በፍርድ ቤቱ የሥልጣን ክልል ውስጥ አንድ ዓመት መኖር፣ ቅጹን ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መረዳት፣ እንግሊዝኛ መናገር፣ ማገልገል የሚከለክል የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም አለመኖር። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል ክስ ያለበት፣ ወይም ተፈርዶበት የዜግነት መብቱ ያልተመለሰለት ሰውም አያገለግልም። የእኛ ሰዎች ከእነዚህ ውስጥ በአራቱ ላይ ሲሳሳቱ ይታያል።

*ዜግነት።* ስምዎ የወጣው ከመራጮች መዝገብ፣ በብዙ ስቴቶች ደግሞ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ነው። መንጃ ፈቃድ ግሪን ካርድ ያለውም፣ በሥራ ፈቃድ የሚኖረውም ስለሚያወጣ መጥሪያው ዜጋ ላልሆነ ሰው ይደርሳል። መጥሪያ መምጣቱ «ተፈቅዶልሃል» ማለት አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው «ዜጋ ነዎት?» ለሚለው «አይደለሁም» ብሎ መልሶ፣ ከተጠየቀ የካርዱን ኮፒ አያይዞ ይልካል፤ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። ቅጹን በችኮላ ሞልቶ «ነኝ» ላይ ምልክት ያደረገ ግን በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ይሆንበታል። ይህ በኢሚግሬሽን ሕግ ዜግነት ሊያስከለክልና ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ከባድ ነገር ነው። ቅጹን ልጅዎ ወይም ጎረቤት ከሞላልዎ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይህችን አንዲት መስመር በጣትዎ እያሳዩ ምን እንደተመለሰባት ይጠይቁ።

በተቃራኒው ዜጋ ሆኖ ሳለ ለመገላገል «አይደለሁም» የሚልም አለ። አንዳንድ ስቴቶች ይህን መልስ ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ስለሚያስተላልፉ ከመራጭነት መሰረዝ ወይም መጠየቅ ይመጣል። በፌዴራሉ ቅጽ ላይ ለማምለጥም ሆነ ለመመረጥ ሆን ብሎ መዋሸት እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ወይም እስከ 3 ቀን እስር፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል።

*የአንድ ዓመት ኑሮ።* ይህን ብዙ ሰው «ዜጋ ከሆንኩ ዓመት አልሞላኝም» ብሎ ይተረጉመዋል። ዓመቱ የሚቆጠረው ለመኖሪያ ቦታ እንጂ ለዜግነት አይደለም። ትናንት ቃለ መሐላ የፈጸመም፣ በአካባቢው ዓመት ከኖረ ብቁ ነው። ስቴቶች ደግሞ የራሳቸው ልክ አላቸው፤ ለምሳሌ ቨርጂንያ በስቴቱ አንድ ዓመት፣ በካውንቲው ወይም በከተማው ስድስት ወር ትጠይቃለች።

*እንግሊዝኛ።* የአነጋገር ዘዬ ከጁሪ አያስወጣም። ቅጹን ራስዎ አንብበው መሙላት ከቻሉና ሲያነጋግሩዎት መልስ ከሰጡ መመዘኛውን አልፈዋል። «እንግሊዝኛ አልችልም» ማለት አያዋጣም፤ በእንግሊዝኛ ተፈትነው ዜጋ የሆኑ ሰው እንዲህ ሲሉ ጥያቄ ያስነሳል። ነገር ግን 50 ዓመት ሞልቷቸው ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ እናቶችና አባቶች ያለ እንግሊዝኛ ፈተና፣ በአማርኛ አስተርጓሚ ዜጋ መሆን ይችላሉ። እነሱ በእውነት «አልችልም» ቢሉ ትክክል ነው፤ ይህንኑ ጽፈው መመለስ ብቻ ነው። ኒው ሜክሲኮ ከሌሎቹ ትለያለች፤ የስቴቱ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛ አለመቻልን ከጁሪ ማግለያ አላደረገውም፤ ለጁረሩ አስተርጓሚ ይመደብለታል።

*የወንጀል መዝገብ።* በፌዴራል የሚታየው ወንጀሉ ሊያስፈርድ የሚችለው የቅጣት ልክ እንጂ ሰውየው የታሰረበት ጊዜ አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተፈርዶበት በገደብ የተለቀቀም ይመለከተዋል። የትራፊክ ቅጣትና የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ከዚህ አይገቡም። በስቴት ደረጃ ሕጉ ይላላል ይጠብቃል፤ ካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ብዙ ሰዎች ቅጣታቸውንና የክትትል ጊዜያቸውን ሲጨርሱ እንዲያገለግሉ ፈቅዳለች።

ዕድሜም በየቦታው አንድ አይደለም። አላባማና ነብራስካ 19፣ ሚዙሪና ሚሲሲፒ 21 ዓመት ይጠይቃሉ።

3. ቅጹን ሲሞሉ ስምና ቀን ላይ ይጠንቀቁ

ብዙ ፍርድ ቤቶች ቅጹን በኢንተርኔት ያስሞላሉ። የፌዴራሉ ገጽ መጥሪያው ላይ ያለውን የተሳታፊ ቁጥር፣ የመጨረሻ ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላትና የልደት ቀን ይጠይቃል። እዚህ ጋ ሐበሻ ይቸገራል። የመጨረሻ ስምዎ መዝገቡ ላይ የአባት ይሁን የአያት፣ «ወልደ» እና «ገብረ» ተነጥሎ ይጻፍ ወይም ተያይዞ፣ ፖስታው ላይ የታተመውን ይከተሉ። የልደት ቀንም መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ነው፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር የተዛባ ቢሆንም እንኳ እሱኑ ያስገቡ። ገጹ «አላገኘንም» ካለዎ ወረቀቱን በብዕር ሞልተው በፖስታ ይላኩ፤ ኮፒ ያስቀሩ።

4. ነጻ መሆን፣ ምክንያት ማቅረብና ቀን ማስቀየር

እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ከአገልግሎት ነጻ የሆኑት በመደበኛ የጦር ሠራዊት አገልግሎት ላይ ያሉ፣ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የሙሉ ጊዜ የመንግሥት ባለሥልጣናት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑና ባለፉት 2 ዓመታት በፌዴራል ጁሪ ያገለገሉ ሰዎች ደግሞ በብዙ ፍርድ ቤቶች ሲጠይቁ ይሰናበታሉ፤ ካልጠየቁ ግን ማገልገል ይችላሉ። ቨርጂንያ ጡት የምታጠባ እናትንም፣ 16 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በችሎት ሰዓት የሚጠብቅ ሰውንም በጥያቄያቸው ታሰናብታለች።

ከዚህ ውጭ ያለ ሰው «ከባድ ችግር» መኖሩን ማስረዳት አለበት። «ሥራ አለኝ» ብቻ አይበቃም፤ ሁሉም ሥራ አለው። የሚያስኬደው ቁጥርና ቀን ያለው አጭር ደብዳቤ ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦ «ቤቴ ውስጥ ፈቃድ ያለው የሕፃናት ማቆያ አለኝ፤ 6 ልጆች እይዛለሁ፤ የሚተካኝ ሰው የለም። ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ከጁላይ 10 በኋላ ብጠራ ለወላጆቹ አስቀድሜ አሳውቄ መቅረብ እችላለሁ።» ቀን ማስቀየር ከመሰናበት እጅግ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ይባላል። የአውሮፕላን ትኬት ወይም የሐኪም ቀጠሮ ካለ ኮፒውን ያያይዙ። መልስ እስኪመጣ መጥሪያው እንደጸና ነው፤ ደብዳቤ ልኬአለሁ ብለው አይቅሩ።

ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው በፌዴራል እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ 3 ቀን ሊታሰር ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊታዘዝ ይችላል። ይህን የሰሙ አጭበርባሪዎች «ጁሪ ቀርተሃል፤ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ካልከፈልክ ትታሰራለህ» እያሉ ይደውላሉ። ፍርድ ቤት ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩን ዘግተው መጥሪያው ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።

5. ሥራና ክፍያ

ቋሚ ሠራተኛን በፌዴራል ጁሪ ምክንያት ማባረርም ሆነ ማስፈራራት ክልክል ነው፤ አሠሪው ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። መጥሪያውን በደረሰዎ ቀን ለአለቃዎ ኮፒ ይስጡ። የቀሩበትን ቀን ደመወዝ ግን የፌዴራል ሕግ አሠሪውን አያስከፍለውም። ፍርድ ቤቱ በቀን 50 ዶላር ይከፍላል፤ ችሎቱ ከ10 ቀን ካለፈ 60 ሊደርስ ይችላል። የስቴት ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ያነሰ ይከፍላሉ። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህን አስልቶ፣ ኪሳራው የሚከብድ ከሆነ በደብዳቤው ላይ በዶላር ያስፍር።

6. የቀረቡ ዕለት

ከዋዜማው ማታ መጥሪያው ላይ ባለው ስልክ ወይም ድረ ገጽ የቡድን ቁጥርዎ መጠራቱን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ «ነገ አትምጡ» ይባላል። መታወቂያና መጥሪያ ይያዙ። አንዳንድ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ስልክ አያስገቡምና መመሪያውን ያንብቡ።

ብቁ መሆን መመረጥ አይደለም። ዳኛውና ጠበቆቹ ይጠይቅዎታል፦ ከተከራካሪዎቹ የሚያውቁት አለ? በፖሊስ ቃል ላይ ያለዎት አመለካከት ምንድን ነው? ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። ተከሳሹ የእድርዎ አባል ወይም የቤተ ክርስቲያንዎ ምዕመን ከሆነ፣ በዓይን ብቻ የሚያውቁት ቢሆንም እጅዎን አውጥተው ይናገሩ። ጠበቆቹ የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይሰጡ ማስወጣት ይችላሉ፤ በፌዴራል የከባድ ወንጀል ችሎት ተከሳሹ 10፣ ዐቃቤ ሕጉ 6። በዘር ምክንያት ማስወጣት ግን ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተከልክሏል። ስለዚህ «ጥቁር ነኝ፣ ስደተኛ ነበርኩ፣ ማን ይፈልገኛል?» ብሎ ከመቅረት መቅረቡ ይሻላል፤ የእኛን ሰው ኑሮ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ ለተከሳሹም ለተበዳዩም ትልቅ ነገር ነው።

ከተመረጡ በኋላ ጉዳዩን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ፣ ቦታውን ሄዶ ማየት፣ ቤት ገብቶ ቡና ላይ ማውራት አይቻልም። አማርኛ ተናጋሪ ምስክር ከቀረበ ደግሞ ከባድ ፈተና አለ። ማስረጃ የሚሆነው የአስተርጓሚው እንግሊዝኛ እንጂ እርስዎ በጆሮዎ የሰሙት አማርኛ አይደለም። ምስክሩ «ገፋ አደረገኝ» ብሎ አስተርጓሚው «መታኝ» ቢል፣ ለሌሎቹ ጁሪዎች «እሱ እንዲህ አላለም» ብለው አያስረዱ። ወዲያው በወረቀት ጽፈው በችሎቱ ሠራተኛ በኩል ለዳኛው ይላኩ፤ የማረም ሥልጣኑ የዳኛው ነው።

ሲጨርሱ ያገለገሉበትን ቀን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቁ። ለአሠሪዎም ያስፈልጋል፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሌላ መጥሪያ ቢመጣም ከደብዳቤው ጋር ያያይዙታል።