ላይሶዞምን ሳትሸመድዱ ለማጥናት፣ አሲዱን ተከተሉት

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከመሃል ሜዳ መጥታ ደብረ ብርሃን እኛ ጋ ሆና ለፈተና እያጠናች ነው፣ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ማታ ደብተሯን ስታነብልኝ "ላይሶዞም የሴሉ ቆሻሻ መጣያ ነው፣ ሱሳይድ ባግም (ራስን ማጥፊያ ከረጢት) ይባላል" ብላ ልታልፈው ስትል እሺ ለምንድነው ውስጡ አሲድ የሆነው አልኳት፣ ዝም አለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን የተሸመደደ ነገር አንድ ለምን ሲጠየቅ እንደዚ ነው የሚሆነው። ከዛ ቁጭ ብለን የሰራነውን ነው የምጽፍላችሁ፣ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይሰራል።

ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ሎሚ፣ ቀጭን ፌስታል፣ ክር እና መርፌ አዘጋጁ። ወተቱ ለብ ያለ ይሁን፣ በኛ ሀገር ብርድ ቀዝቃዛ ወተት ቶሎ አይታዘዝም። የሎሚውን ጭማቂ ፌስታሉ ጥግ ላይ አድርጉና በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ውጪውን በደንብ እጠቡት ምክንያቱም ውጪው ላይ ጭማቂ ከቀረ ሙከራው ሊበላሽ ይችላል፣ ከዛ ወተቱ ውስጥ ንከሩት። አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ምንም የለም። አሁን እዛው ወተቱ ውስጥ እንዳለ በመርፌ ውጉትና ጫን አድርጉት፣ ወተቱ ነጭ ነጭ ፍርፋሪ እየሆነ ሲቋጠር ታያላችሁ። ልጅቷ ይሄኔ "ውይ ጋሼ፣ ለካ ወተቱን ያተረፈው ፌስታሉ ነው" አለች፣ በቃ ትምህርቱ ግማሹ እሱ ነው። ፌስታሉ ሜምብሬኑ ነው፣ የላይሶዞሙ ስስ ሽፋን ማለት ነው፣ ሎሚው ውስጡ ያለው አሲድ፣ ወተቱ ሳይቶሶሉ፣ ከላይሶዞሙ ውጪ ያለው የሴሉ ፈሳሽ። ደስ የሚለው ደግሞ ወተት የሚቋጠረው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.6 አካባቢ ሲደርስ ነው፣ የላይሶዞም ውስጡም ከ4.5 እስከ 5 ስለሆነ ጎረቤት ናቸው።

ቀጥሎ ደብተር ላይ አስሉት። ሳይቶሶሉ 7.2፣ ላይሶዞሙ 4.8 በሉ፣ ልዩነቱ 2.4፣ ፒኤች ላይ አንድ ቁጥር ማለት አስር እጥፍ ስለሆነ ውስጡ ያለው ፕሮቶን (አሲድ የሚያደርገው ቅንጣት) ከውጪው ወደ 250 እጥፍ ይበልጣል። ይሄን ያህል ፕሮቶን ዝም ብሎ አይገባም፣ ሜምብሬኑ ላይ የተተከለ ፓምፕ ኤቲፒ (የሴሉን ነዳጅ) እያቃጠለ ያስገባዋል፣ ፓምፑ ከቆመ አሲዱም ቀስ እያለ ይጠፋል። ሜምብሬኑ እንደ ማይቶኮንድሪያ፣ እንደ ሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ድርብ አይደለም፣ አንድ ብቻ ነው፣ የውስጥ ፊቱ ግን ስኳር በተሸከሙ ፕሮቲኖች ስለተሸፈነ የራሱ ኢንዛይሞች፣ ነገር የሚቆራርጡት ፕሮቲኖች፣ አይበሉትም።

ሎሚው ማይነግራችሁ ነገር ኢንዛይሞቹን ነው፣ ከ50 በላይ ናቸው፣ ፕሮቲን የሚቆርጥ፣ ቅባት የሚቆርጥ፣ ስኳር የሚቆርጥ፣ ዲኤንኤ የሚቆርጥ። ሁሉም የሚሰሩት አሲድ ውስጥ ነው። ስለዚ እዚህ ጋ ሙከራችን ከእውነተኛው ሴል ይለያል፣ አንድ ላይሶዞም ቢቀደድ ኢንዛይሙ 7.2 ውስጥ ሲገባ ጉልበቱን ስለሚያጣ ሴሉ ወዲያው አይሞትም፣ ብዙዎቹ ባንዴ ሲፈነዱ ነው አደጋው። ሱሳይድ ባግ የሚለውን ስም ለዚህ ነው የማልወደው፣ ተማሪ አንድ ቀዳዳ ሴሉን ይገድላል ብሎ ይይዛል።

ነገሩ የተገኘውም በተቀደደ ሜምብሬን ነው። ቤልጅየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ የአይጥ ጉበት ፈጭቶ አንድ ኢንዛይም ሲለካ ከጠበቀው በጣም ያነሰ ሆነበት፣ ያንኑ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን አቆይቶ ሲለካው ከፍ አለ፣ ኢንዛይሙ ከረጢት ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ነው፣ ልክ እንደኛ ፌስታል። በ1955 ላይሶዞም ብሎ ሰየመው፣ በ1974 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል አገኘ።

አሁን የኢንዛይሙን መንገድ በስዕል ሳሉት። ኢንዛይሙ ራፍ ኢአር (የሴሉ ፕሮቲን መስሪያ) ላይ ይሰራል፣ ጎልጂ (የሴሉ ማሸጊያና መላኪያ) ጋ ሲደርስ ማኖዝ-6-ፎስፌት የሚባል ምልክት ይለጠፍበታል፣ አድራሻው ማለት ነው፣ ከዛ በቬሲክል፣ በትንሽ ከረጢት፣ ይላካል። ወደ ላይሶዞም ሚገባውን ደግሞ ከሶስት አቅጣጫ ሳሉ፣ ሴሉ ከውጪ የሳበው፣ ነጭ የደም ሴል የዋጠው ባክቴሪያ፣ እና የሴሉ የራሱ ያረጀ ዕቃ። የመጨረሻው ኦቶፋጂ ይባላል። መንዝ ላይ ያረጀ የድንጋይ ቤት ሲፈርስ ድንጋዩ አይጣልም፣ ለአዲሱ ቤት ግድግዳ ይሆናል፣ ላይሶዞምም ያረጀ ማይቶኮንድሪያ ፈታትቶ አሚኖ አሲዱን ለሴሉ ይመልሳል፣ ስለዚ ቆሻሻ መጣያ ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ቲቢ ለምን አስቸጋሪ ሆነ ካላችሁ አንዱ ምክንያት ባክቴሪያው ተውጦ ያለበት ከረጢት ከላይሶዞም ጋር እንዳይዋሃድ ስለሚያደርግ ነው።

አሲዱን ከተከተላችሁት የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪንም ይገባችኋል። ከጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወባ አለ፣ ክሎሮኪንን ማያውቅ የለም። የወባ ተውሳክ የደማችንን ሄሞግሎቢን የሚፈጨው የላይሶዞም ዘመድ በሆነ አሲዳማ ከረጢት ውስጥ ነው። ክሎሮኪን ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ በቀላሉ ይገባል፣ እዛ ፕሮቶን ሲይዝ ቻርጅ ይኖረውና መውጣት ያቅተዋል፣ ይከማቻል፣ ከዛ ተውሳኩ ከሄሞግሎቢን የተረፈውን መርዛማ ሂም (ብረት ያዘለው ክፍል) ወደ ክሪስታል እንዳይቀይረው ይከለክለዋል።

ከ50 ኢንዛይሞች አንዱ ብቻ ሲጎድልስ ብላችሁ ጠይቁ። መፈታት የነበረበት ነገር ይጠራቀማል፣ ፖምፔ በሚባለው በሽታ ግላይኮጅን (ሴሉ የሚያከማቸው ስኳር)፣ ቴይ ሳክስ በሚባለው የነርቭ ሴል ውስጥ ቅባት። ከባድ በሽታዎች ናቸው፣ በዘር ነው የሚመጡት።

በመጨረሻ ደብተሩን ዘግታችሁ ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሳሉ፣ ከዛ ፓምፑን ፈልጉና የፕሮቶኑ ቀስት ወደ ውስጥ መሆኑን እዩ፣ ወደ ውጪ ከሆነ ሌላውን ሳትነኩ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።